የማርከሻ ዕድሜ

በታርቱ ከተማ፣ ጥር፣ ሲጠና ብርዱ፣
አስር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል መንገዱ።
እናት ወንዝ የሚሏት፣ ከድልድዩ በታች፣
በረዶ ተከናንባ ድምጿን ውጣ ተኛች።
ሞተች እንዳትሉ፤
ከስር ትሄዳለች።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ጓንቴን አጥልቄ፣
የሄልዱርን አክታ ከሳህን ዘርቼ፣ አሙቄ ጠብቄ፣
ሲነጋ ሲመሽ አያለሁ።
ሄልዱር ሆስፒታል ነው፣ ሁለት ፌርማታ ወዲያ፤
አርባ ዓመት የቢራ በርሜል ሲያጥብ የኖረ፣
ዛሬ ሳንባው ውስጥ ደባል የገባበት።
መድኃኒት ሲሰጡት ትኩሳቱ ይበርዳል፣
ኮቱን ደርቦ ይሄዳል፤
ወር ሳይሞላው ደግሞ በዚያው ሳል ይመጣል።

መድኃኒቱን ለምዳው ይሆን ብለን ባክቴሪያዋን መረመርናት።
አልለመደችም። የዱሮዋ ናት።
እልፍ አእላፍ ሲያልቁ ጥቂቶች ይተኛሉ፤
አይበሉም፣ አይባዙም፣ ዝም ይላሉ።
መድኃኒት ያድናል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ያድናል፤
ግንቧን ስትገነባ ያገኛትን ሁሉ እንደ ድኩላ ያድናል።
እጇን አጣጥፋ የተኛችውን ግን
በምን ያውቃታል?

ነገሩ እንዲህ ነው።
በየአንዳንዷ ሆድ መርዝ ተቀምጧል፣
ለጠላት አይደለም፣ ለራሷ ተሰናድቷል።
ከጎኑ ማርከሻው አንገቱን አንቆ
ያድራል እንደ ዘበኛ እንቅልፉን ሰውቶ።
መርዙ ባልጩት ነው፣ ቢከርም አይሟሟም፤
ማርከሻው ቅቤ ነው፣ ፀሐይ አይችልም።
ሲቀልጥ ይሠራል፣ ሲሠራ ይቀልጣል፤
ሠሪው አንዴ ቢዘነጋ፣ የመርዙ እጅ ይፈታል።
እባብ በመርዙ አይሞትም ያለ ሰው
ይህችን ፍጥረት አይቶ ቢሆን ምነው!

ማረት፣ አለቃዬ፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣
«ገዳይ ለምን እንቀጥራለን?» ትላለች፣
«ገዳይዋ ከሆዷ አለ።
የኛ ሥራ ሁለቱን ማላቀቅ ነው።»
ስናላቅቅ ከረምን።
ቁጥር አንድ፣ ምንም። ቁጥር አርባ፣ ምንም።
መቶ ስድሳኛው የሰውንም ሕዋስ አቃጠለ፤ ጣልነው።
ሁለት መቶ ሰባተኛው፣ ማክሰኞ ሌሊት፣
ሳህኑን አጠራው።
እኔ ልጮህ ነበር።
ማረት እርሳሱን ከጸጉሯ መዝዛ ቀኑን ጻፈች፣
«ሐሙስ እንየው» አለች።

ሐሙስ፣ ከሳህኑ ጠርዝ፣ ሁለት ነጥብ፤
ሰናፍጭ የሚያህሉ፣
ፈዛዛ ቢጫ።
ማላቀቁን አላቀቅን፤
ግን ብዙ መርዝ ይገድላል፣ ጥቂት መርዝ ያስተኛል።
ልንገድላት ያልናትን
አልጋ አንጥፈንላት አደርን።

ቅዳሜ ሄልዱርን ልጠይቅ ሄድኩ።
የኦክስጅን ቱቦ ባፍንጫው፣ ሻይ በትሪው፣
«ሞተ?» አለኝ።
«አብዛኛው» አልኩት።
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አላቆም አለ፤ ጠበቅኩት።
«አብዛኛውማ እኔም ሞቻለሁ» አለኝ በመጨረሻ።
«ስሚ። ከበርሜል ስር እርሾ ይቀራል፣
ደርቆ፣ ጭቃ መስሎ።
ሞቷል ብሎ የፈላ ውኃ የሚደፋበት አዲስ ሠራተኛ ነው።
ያ ጭቃ በሚቀጥለው ጠመቃ ተነስቶ
ቢራውን ያኮመጥጥብሃል።»
«እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?»
«መጀመሪያ እንቀሰቅሰዋለን።
ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ስኳር።
አረፋ ሲያወጣ፣ ሲነቃ፣ ሲስገበገብ፣
ያኔ ነው የፈላው ውኃ።»
ከትሪው ላይ የስኳር ከረጢቱን አንስቶ
በኪሴ ከተተው።
«ለሻይ አልወደውም» አለ።

ማረት ከረጢቱን በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።
አልሳቀችም።

ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ድልድዩን ስሻገር
ከበረዶው ስር አንዳች ነገር ጎረበጠ፤
ውኃው ይሁን ጆሮዬ፣ አላወቅኩም።
ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጓንቴን አጠለቅኩ።
ከሁለቱ ነጥቦች አንዷን በሽቦ ጫፍ አንስቼ፣
ለብ ያለውን፣ ጣፋጩን፣ አንዲት ጠብታ ሰጠኋት።
በቀኜ ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፣
በግራዬ የሄልዱር አሮጌ መድኃኒት፣
ቀና ብዬ ሰዓት አየሁ፣
ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
ንቂ አልኳት።